የውሰት መሬት ላይ አትክልት ጀመርኩ፤ መንገዱን ስዘጋው ጎረቤት ሁሉ አኮረፈኝ

#1 — የሰው_ጓሮ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ፤ ዛሬ ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው።

አንድ የማውቃቸው ሰው ለዓመታት ጦሙን ያደረ ቁራጭ መሬት አላቸው። እሳቸው የሚኖሩት ሌላ ቦታ ነው። «አረም ከሚበላው ሰው ይብላበት» ብለው ፈቀዱልኝ። 8 በ12 ሜትር ትሆናለች። ችግሩ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያቋርጣት የእግር መንገድ አለ። ከላይ ያሉት ቤቶች ወደ ዋናው መንገድ የሚወርዱት በዚያ ነው። ዙሪያውን መሄድ ይቻላል፤ ግን ለምደውታል። መደብ ላወጣ ስል ቦታው ሁለት ላይ ተከፍሎ አስቸገረኝ፤ እኔም በሁለቱም ጫፍ እንጨት ቸክዬ ገመድ ወጠርኩበት።

በፊት «ያበርታ!» እያሉ የሚያልፉት ሰዎች አሁን ፊታቸውን አዙረው ነው የሚያልፉት። ገመዱን ሁለት ጊዜ ተቆርጦ አገኘሁት። ትናንት ደግሞ ራሴ ካፈላኋቸው 30 የሰላጣ ችግኞች መሃል የጫማ ዳና ታትሞበታል። ፈቃድ ያለኝ እኔ ነኝ፣ እነሱ አይደሉም። ለባለቤቱ ደውዬ ያስጠንቅቁልኝ? ወይስ የሽቦ አጥር ላጥር?

#2 — ዶማና_አካፋ

ወንድሜ፣ ሰዉን ለጊዜው ተወውና አፈሩን እንይ። ያ መንገድ ስንት ዓመት ተረግጧል? በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ለአየርም ለውሃም መግቢያ የለም። ካሮት ብትዘራበት ሁለት ሦስት እግር አውጥቶ ተጣሞ ይቀራል። ዝናብ ሲጥል ውሃው አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። 30 ሳንቲሜትር ቆፍረህ፣ ብስባሽ ደባልቀህ፣ ዘንድሮ የምታገኘው ላብህን አይከፍልም። እንግዲህ ከሰው የተጣላኸው ከመሬቱ ሁሉ ለማይረባው ክፍል ነው ማለት ነው።

ደግሞ አንተስ መደብህን ሳትረግጥ የምትኮተኩተው በየት ቆመህ ነው? መተላለፊያ መተውህ አይቀርም። እነሱ ያለ ክፍያ ረግጠው አዘጋጅተውልሃል።

#3 — ዝምታ_ወዳድ

እኔ ልቃወም። አንዳንዶቻችን አትክልት የምንሠራው ከሰው ለማረፍ ነው። በተዋስኳት መሬት ላይ ሦስት ዓመት ስሠራ በቀን ስድስት ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል። ቲማቲም ነው። ትናንትም ቲማቲም ነበር። አጥረህ ተገላገል።

#4 — አሮጌው_ባልዲ

ልጄ፣ ስልኩን አስቀምጥ። ባለቤቱ ደውለው ቢቆጡልህ፣ እሳቸው ሩቅ ናቸው፤ ነገ በአጠገብህ የሚያልፈው ተቆጪው ሳይሆን የተቆጡት ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባለቤት ስለ መሬቱ የሚያውቀው ወሰኑን ነው። በየቀኑ የሚያልፍበት ሰው ግን ዝናብ ሲበዛ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ቆሻሻ የት ይቃጠል እንደነበር፣ የጎረቤት ቤት ጥላ በስንት ሰዓት የትኛው ጥግ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። እኔ አንድ ጊዜ ተውሼ በሠራሁበት ቦታ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ጥቁርና ለም ነበር፤ ቆስጣና ሰላጣ ልተክልበት ችግኙን ይዤ ቆሜያለሁ። አንዲት ጎረቤት በመስኮት ሆነው «የዚያ ግድግዳ ቀለም ሲፋቅ እኮ የወደቀው እዚያ ነው» አሉኝ።

የድሮ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፤ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ መጻፊያውን አይደለም። እርሳስ ደግሞ እንደ ቅጠል በስብሶ የሚጠፋ ነገር አይደለም፣ አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል። የሚያሰጋው በቅጠላ ቅጠልና በሥራ ሥር ነው፤ አቧራውም አፈሩም ይጣበቅባቸዋል፣ ከሥራቸውም ይስባሉ። ወደ ቲማቲም ፍሬ የሚገባው ጥቂት ነው። አስመረመርኩት፤ መጠኑ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፣ እዚያ አበባ ተከልኩ። ሴትዮዋን አስቀይሜያቸው ቢሆን ኖሮ በመስኮት አይተው ዝም ይሉኝ ነበር።

ገመዱን ፍታ። ለመጀመሪያው አላፊ ከሰላምታ ቀጥለህ «እዚህ ቦታ በፊት ምን ነበረበት?» በለው።

#5 — የሰው_ጓሮ

በመጀመሪያ፣ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ። አባባ፣ «ልጄ» ያሉኝን ግን ተቀብያለሁ።

ያሉት ነገር አስደነገጠኝ፤ ታችኛው ጥግ ላይ ስቆፍር የመስታወት ስብርባሪና ዝገት የበላው ቡሎን እየወጣ ነው። ገመዱን እፈታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ ግን፣ ተቆርጦ ማግኘቴ እስካሁን ያበሽቀኛል። ማን እንደቆረጠው ባውቅ ኖሮ መፍታቱ ይቀለኝ ነበር።

#6 — ሰንበሌጥ

ከከፈትሽው አይቀር መንገድ አስመስይው። ሰው ችግኝ የሚረግጠው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ጠርዙ የት እንደሆነ አይታየውም፣ ሲመሽ ደግሞ ይብሳል። ካርቶን አንጥፊበት፣ ፕላስቲኩንና የተጣበቀውን ቴፕ ልጠሽ። ከላዩ የተፈጨ እንጨት 8 ሳንቲሜትር ያህል ነስንሺ። ጭቃውም አረሙም ይቀንሳል። ሁለቱን ጠርዝ በድንጋይ ለይው።

ከጠርዙ አጠገብ ሰላጣ የሚባል ነገር አይኑር። ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ እንዲህ ያለ ሲነኩት የሚሸት፣ ቢቀነጥሱትም የማይሞት ነገር ትከዪ። ልብሱ ሲነካካው ሸተት ይላል፣ ሰውዬው ቆም ይላል። ቆም ካለ ያወራል። ናና ግን እንዳትሳሳቺ! በዕቃ ውስጥ ካልሆነ አትትከይው። ሥሩ በመሬት ውስጥ ይሄድና ጎረቤት ጓሮ ብቅ ይላል፤ ይሄኔ ነው እውነተኛ ጠብ።

#7 — ውል_ይኑር

ማንም ስላላነሳው፦ ከባለቤቱ ጋር ያለሽ ፈቃድ በአፍ ነው? ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል። እስከ መቼ እንደሆነ፣ ውሃውን ማን እንደሚከፍል፣ ድንገት ቢፈልጉት የቆመው ሰብል እስኪነሳ ይጠብቁሽ እንደሆነ፣ ሰው በመንገዱ ቢያልፍ ግድ ይላቸው እንደሆነ። የመጨረሻዋን በተለይ ጠይቂ። መንገዱን ለመክፈትም ለመዝጋትም ሥልጣኑ የሳቸው ነው፣ ያንቺ አይደለም። በአንዳንድ አገር ሕግ ለረጅም ዘመን ሲታለፍበት የኖረ መንገድ ለአላፊዎቹ መብት ሊሆንላቸው ይችላል፤ ባለቤቱ ይህን ማወቅ ይፈልጉ ይሆናል።

እስከዚያው የሚፈጥን ነገር ዝሪ። ፍጅል በ25 እና በ30 ቀን መካከል ይደርሳል፣ ፎሶሊያ ሁለት ወር አይሞላውም። ቋሚ ዛፍ አትትከዪ። በብዙ አገር ሕግ መሬት ላይ ሥር የሰደደ ዛፍ የመሬቱ ባለቤት ነው።

#8 — የሰው_ጓሮ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ባለቤቱ ስለ መንገዱ ስጠይቃቸው ሳቁ፦ «እኔም ልጅ ሆኜ በዚያ ነው የምሮጠው፤ ይለፉበት» አሉ። እንግዲህ ማንን ወክዬ ስዋጋ እንደነበር ፍረዱ።

ገመዱን በፈታሁ ማግስት አንድ ጋሼ ሲያልፉ አባባ የነገሩኝን ጠየቅኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ገቡና አካፋዬን ተቀብለው ታችኛው ጥግ ላይ ቆሙ። ከብዙ ዓመት በፊት መኪና ይጠገንበት ነበር። ያረጀ ባትሪና የተቃጠለ ዘይት የሚደፋው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ላይኛው ጥግ ወሰዱኝና «እዚህ ደግሞ ዝናብ ሲበረታ ውሃው ሦስት ቀን ይተኛል፤ ቲማቲም እንዳትተክዪ፣ ሥሩ ይታፈናል» አሉ። ቲማቲሙን ልተክል ያሰብኩት በትክክል እዚያ ነበር። ግማሽ ሰዓት አብረን ስንዞር ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም የኔን አልጠየቁም። አሁን ስም መጠየቁ ራሱ አሳፋሪ ሆኖብኛል።

ከላይኛው ቤት ያሉት እማማ ደግሞ ከግቢያቸው የታጨደ ሣር በጆንያ ያመጡልኝ ጀመር፤ እስካሁን አራት ጆንያ። ሌላዋ ጎረቤት ከራሷ ጓሮ ያስቀረችውን የዱባ ዘር በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኛለች። ተቀባይ ብቻ ሆኜ ቀረሁ፤ እኔ ገና ከፍጅል ሌላ የምሰጠው የለኝም።

#9 — ዶማና_አካፋ

እህቴ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ምንም የሚበላ ነገር እንዳይበቅል። የባትሪው እርሳስ፣ የዘይቱ ቅሪት። የቀረውንም ለየብቻ አስመርምሪ፤ ከአንዱ ጥግ የተወሰደ አፈር ለሁሉም አይመሰክርም።

ሣሩ ላይ ግን ቆም በይ። እንደ አሚኖፒራሊድ እና ክሎፒራሊድ ያሉ አንዳንድ ፀረ አረሞች ሣሩን ሳይነኩ ቅጠለ ሰፊውን አረም ብቻ ይገድላሉ። ብስባሽ ውስጥ ገብተውም ወራት ይቆያሉ። ከብት የተረጨውን ሣር በልቶ ፍጉ ውስጥ እንኳ ይገኛሉ። ቲማቲም፣ ቦሎቄ፣ ድንች ላይ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ቅጠሉ ይጨማደድና ወደ ውስጥ ይጠቀለላል።

መሞከሩ ቀላል ነው። ሦስት ዕቃ ውስጥ ከሣሩ የወጣውን ብስባሽ ከንጹሕ አፈር ጋር እኩል ደባልቂ፤ በሌሎች ሦስት ዕቃዎች ንጹሑን አፈር ብቻ። በሁሉም ፎሶሊያ ዝሪ። ከአንዱ የሚወርደው ውሃ ሌላውን እንዳይነካው ለየብቻ አስቀምጫቸው። በሦስት ሳምንት ቅጠሉ ይነግርሻል። እስከዚያ መደብ ላይ አንድ እፍኝ እንዳታደርጊ።

#10 — የንብ_ጎረቤት

የዱባ ዘር የሰጠችሽን ጎረቤት ጠይቂያት፦ ባስቀረችበት ዓመት በአካባቢው ዝኩኒ ወይም ለጌጥ የሚሆን ቅል የተከለ ሰው ነበር? የዱባ ዘመዶች የሚዳቀሉት በንብ ነው፤ ንብ ደግሞ የመሬት ወሰን አያውቅም፣ ከብዙ መቶ ሜትር ርቀት ይዞ ይመጣል። ከተዳቀለ ዘር የሚወጣው ዱባ አንዳንዴ ይመራል። የመረረ ዱባ ወይም ዝኩኒ በጭራሽ አይበላም፣ ኩከርቢታሲን የሚባለው ነገር ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። ሲበስል ትንሽ ቅመሺ፤ መራራ ከሆነ ትፊውና ተክሉን ንቀዪ። ቅር እንዳትላት ግን «ዘርሽ መጥፎ ነው» አትበዪያት። ጥፋቱ የንቧ ነው።

በቦሎቄ፣ በሰላጣና በቲማቲም ዘር ግን ብዙም ሳትፈሩ ተለዋወጡ። በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ስለሆኑ የሰጠሽ ሰው የበላውን ነው የምትበዪው።

#11 — የድሮ_ወሬ

ከርዕስ ትንሽ ልውጣ። በጀርመን ላይፕዚግ እ.ኤ.አ. በ1864 ሐውስሺልድ የተባለ የትምህርት ቤት ኃላፊ ማኅበር አቋቁሞ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በሞተው በሐኪሙ ሽሬበር ስም ሰየመው። ዓላማው ለልጆች መጫወቻ ሜዳ ማግኘት ነበር። በኋላ ጌዝል የሚባል መምህር ልጆቹ እንዲሠሩባቸው በሜዳው ዳር ትናንሽ መደቦች አወጣላቸው። ልጆቹ ሰለቻቸውና አረሙን ለመንቀል ወላጆች መጡ። ወላጆቹ ግን አልሄዱም! ዛሬም ጀርመኖች በኪራይ የሚሠራባትን ትንሽ የአትክልት ቦታ በሐኪሙ ስም ይጠሯታል፤ ሰውዬው ግን አንድም መደብ አላወጣም።

ኒውዮርክም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ሊዝ ክሪስቲ የምትባል ሠዓሊ ከጎረቤቶቿ ጋር ቆሻሻ የተከመረበትን ባዶ ቦታ ጠርጋ አትክልት አደረገችው። የከተማው ፈቃድ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው። ውል_ይኑር ይህን ሲያነብ ራሱን ይይዛል።

#12 — ድንች_ቆፋሪ

ሁላችሁም ማር ማር እያላችሁ ነው፤ እኔ የመረረውን ልንገራችሁ። አራት ዓመት በሰው መሬት ላይ ለፋሁ። ድንጋዩን ለቀምኩ፣ ፍግ በትከሻዬ ተሸከምኩ፣ አፈሩ እጅ ሲገባ እንደ ኬክ የሚፈረፈር ሆነ። ከጎረቤቶቹ አንዱ በየማታው አብሮኝ እየተቀመጠ ስለ እያንዳንዱ ነገር ይጠይቀኝ ነበር፤ ወዳጅ መስሎኝ ምንም አልደበቅኩትም። በአምስተኛው ዓመት ባለቤቱን አግባብቶ መሬቱን ራሱ ወሰደው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ወደው አይደለም።

#13 — ውል_ይኑር

@ድንች_ቆፋሪ ያሳዝናል ወንድሜ። ግማሽ ገጽ ያልኩት ለዚህ ነበር። @የድሮ_ወሬ፣ ራሴን ይዣለሁ።

#14 — የሰው_ጓሮ

@ድንች_ቆፋሪ ያንተን አንብቤ ሌሊቱን አልተኛሁም። በማግስቱ ከባለቤቱ ጋር ሁለት ዓመት የሚል ወረቀት ተፈራረምን።

አሁን ያለሁበት ጉድ ሌላ ነው። ዶማና_አካፋ እንዳልከው ሞከርኩት። በንጹሕ አፈር ያለው ፎሶሊያ ቀጥ ብሎ አድጓል። በሣሩ ብስባሽ ያለው ሦስቱም ዕቃ ላይ ቅጠሉ ጭምድድ ብሎ ተጠቅልሏል። አራት ጆንያ ሣር! እማማ ደግሞ ትናንት አምስተኛውን አመጡ፤ ወገባቸውን ይዘው፣ እያረፉ። «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለት አቃተኝ፤ ተቀብዬ ከአጥሩ ሥር ደበቅኩት። መንገድ በመዝጋት አስቀይሜያቸው ገና የታረቅን ሰዎች ነን። ስጦታዎ መርዝ ነው ይባላል?

#15 — አሮጌው_ባልዲ

አይባልም። ሁለቱን ዕቃ ይዘሽ ሂጂና «እማማ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ፣ ምን ነክቶት ይመስልዎታል?» በያቸው። አዋቂ አድርገሽ ጠይቂያቸው እንጂ ጥፋተኛ አድርገሽ አትንገሪያቸው። ምክንያቱን ራሳቸው ይደርሱበታል። ካልደረሱበት ያኔ ትነግሪያቸዋለሽ፤ መንገር ግን አይቀርም። ለሌላ ሰውም ይሰጡት ይሆናል፣ ዝም ብትዪ ያ ሰው ይጎዳል።

#16 — ዝምታ_ወዳድ

ከሰው ጋር ሲገጥሙ ይኸው ነው፤ በእኔ አጥር ውስጥ የሚጨማደድ ፎሶሊያ የለም። (ግን ምን እንዳሉ ንገሪን። ክሩን እየተከታተልኩ ነው።)

#17 — የሰው_ጓሮ

ሄድኩ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ቅጠሉን ገለባብጠው አዩና መጀመሪያ «ውሃ አብዝተሽበት ነው» አሉኝ። ሌላኛው ዕቃ ያን ያህሉን ውሃ እንደጠጣ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው ሣሩን የሚያጭድላቸውን ልጅ ከጓሮ ጠሩት። አረሙ እንዳይመለስ ብሎ እሳቸው ሳያውቁ ሲረጭ ኖሯል። ልጁ ጠርሙሱን አመጣ፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የታጨደውን ሣር ብስባሽ ውስጥ እንዳትጨምሩ ይላል። እማማ ከእኔ ይልቅ ተናደዱ፣ ባለፈው ዓመት የጽጌረዳቸው ቅጠል የተጠቀለለበትን ምክንያት ያኔ ነው የጠረጠሩት። ከእንግዲህ የታጨደው እዚያው ሣሩ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ገና ያልበሰበሰውንም ሣር በየጆንያው መልሰን እዚያው በተንነው።

የመለሰልን ሰው ማን መሰላችሁ? ጋሪ የሚገፋ አንድ ጎረቤት አለ፣ ዕቃ እያመላለሰ የሚያድር። ጆንያዎቹን ሲጭንልኝ ጦስኙን እያየ «ገመድሽን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለኝ። በዙሪያው ያለው መንገድ ለካ ደረጃ አለበት፤ በእግሬ ስለምሄድበት አስተውዬው አላውቅም። ጋሪውን ጭኖ ደረጃ መውጣት አይችልም። ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። መንገዱ 60 ሳንቲሜትር ነበር፤ ጋሪው ሲያልፍ ድንጋዩን እየገጨ እንደሆነ አሳየኝ። ቅዳሜ አብረን ወደ 90 አሰፋነው። አንድ ሙሉ መስመር ቀይ ሥር ሄደ። ከአንድ ከብት አርቢ ፍግ በጋሪው ሊያመጣልኝ ተስማምተናል፤ ከመደቡ በፊት ግን በፎሶሊያ እሞክረዋለሁ፣ እሱም እሺ ብሏል።

@ዶማና_አካፋ አንድ ጥያቄ፦ ቅጠሉን ያጨማደደው ብስባሽ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ? በቆሎ ላይ ባደርገውስ?

#18 — ዶማና_አካፋ

በቆሎ የሣር ዘመድ ስለሆነ ይችለዋል፤ አገዳውን ግን መልሰሽ ብስባሽ ውስጥ አትጨምሪው። ፀረ አረሙን የሚያፈርሱት በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ካላቸው ይፈጥናሉ፣ ከተከመረ ግን ይዘገያል። ከሚበላ ነገር ርቆ በሚገኝ ቦታ ስስ አድርገሽ ዘርጊውና በየጊዜው አገላብጪው። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ፎሶሊያ ዝሪበት። አሁንም ከተጠቀለለ ሌላ ስድስት ወር።

የጋሼን ስም ጠየቅሽ ወይስ ገና ነው?

#19 — የሰው_ጓሮ

ገና ነው። ጋሪ ገፊውን ጠይቄዋለሁ፤ እሱም አያውቀውም፣ «ጋሼ ነው የምላቸው» አለኝ።